ከምንጯ በላይ የተቀበሩት

«ሃያ ሦስቱስ የት ገቡ?» አለች ሩፈይዳ፣ የእስክሪብቶዋን ጫፍ መዝገቡ ላይ እንደተከለች።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ነጋሳ ሻያቸውን ፉት አሉ። በክፍሉ ውስጥ የተሰበሩ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተደራርበዋል። በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ስምንት ታብሌቶች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ዘጠኙ ደግሞ «ለሥራ» ተብለው መምህራን ቤት ሄደዋል፤ ይኸም ማለት የመምህራን ልጆች ካርቱን ያዩባቸዋል ማለት ነው። ስምንትና ዘጠኝ ዐሥራ ሰባት። መዝገቡ ግን አርባ ይላል።

«እርስዎ ፈርመው ተረክበዋል እኮ፣ አቶ ነጋሳ።»

«አንቺ ኦዲተር ነሽ ወይስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ?»

«የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጥናት ነው። ቅዳሜ ታብሌቶቹን የሰጡት እንግዶች ሲመጡ የማነበው። የወረቀት መጽሐፍና ታብሌት፣ የትኛው አካባቢን የበለጠ ይጎዳል የሚል። ታብሌቱ ስንት ጊዜ እንደኖረ፣ ሲሞት የት እንደሚሄድ ካላወቅኩ ምኑን ጥናት ሆነ?»

«ሲሞት!» አቶ ነጋሳ ሳቁ። «ሲሞትማ ይቀበራል። ሌላ ምን ይደረጋል?»

ቀልድ መስሏት እሷም ሳቀች። እሳቸው ግን ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ በሩ አዩ፤ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባትሪዎቹ እንደ ዳቦ ተነፉብኝ። አንዱ እዚህች ጥግ ላይ ሲጤስ ደረስኩበት። ወደ ትምህርት ቢሮ ጻፍኩ። መልስ መጣ፤ እንዳትጥሉ፣ እንዳትሸጡ፣ በክፍሉም ውስጥ እንዳታስቀምጡ ይላል። ደብዳቤው አሁንም ፋይል ውስጥ አለ፤ የፈለገ ያንብበው። እኔ ምን ላድርግ? በኪሴ ይዤ ልዙር? ከዚያ አባትሽ ትዝ አለኝ። ልጆቹ ለረመዳን ቁርአን ጭነውባቸው ነበር። ‹ቲጃኒ፣ ቁርአን ያለበትን ዕቃ ቆሻሻ ላይ ልጣለው ወይ?› አልኩት። በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ይዞ መጣ።»

እስክሪብቶው ከመዝገቡ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። ሩፈይዳ አላነሣችውም።

የሩፈይዳ አባት ቲጃኒ ጅማ መርካቶ ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። የተገነጠለ ኪታብ፣ የተበታተነ መዝገብ፣ ጀርባው የወለቀ መዝገበ ቃላት እሱ ጋ ይመጣል። የዚህን ትምህርት ቤት መጻሕፍት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረዘው እሱ ነው። ሰኔ ላይ በጋሪ ጭኖ ይወስዳል፣ መስከረም ላይ ይመልሳል። ታብሌቶቹ የመጡ ዕለት ድንኳን ተተከለ። የምስክር ወረቀት ያልተሰጠው ሰው አልነበረም፤ ድንኳኑን ያከራየው ሰውዬ እንኳ ተሰጥቶታል። ለቲጃኒ የነገረው የለም። በሰኔ ጋሪውን ይዞ ሲመጣ ዘበኛው፣ «መጽሐፍ የለም፣ ሁሉም ታብሌት ሆኗል» ብሎ ከበር መለሰው። መጻሕፍቱ ያን ጊዜ በኪሎ ተመዝነው ለሱቅ መጠቅለያ ሄደዋል። ዳይሬክተሩ አቶ ወልደሰማያት በቢሮአቸው መስኮት ቆመው ያዩ ነበር፤ ከቲጃኒ ጋር ዐይን ለዐይን ሲገጣጠሙ መጋረጃውን ሳቡት። ሩፈይዳ ከጋሪው ጎን ነበረች። ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ትንሽ ልጅ አይታም የማትረዳ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ለአባቷ አንድ ነገር ብቻ ቀረው። በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል የሰፈራቸው የጊንጆ ሰው ያረጀ ቁርአኑን፣ የተቀደደ ኪታቡን ይዞ እሱ ጋ ይመጣል። የአላህ ቃል ያለበት ወረቀት የትም አይጣልም፤ ሰው በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይቀበራል። ቲጃኒ እያንዳንዱን ገጽ አስተካክሎ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከቤታቸው ጓሮ ካለው ቡና ሥር ይቀብረዋል። እንደ እሱ የሚያውቅበት የለም። ሰዉም ይህን ይናገራል።

ጓሮው ዳገት ነው። ከዳገቱ ሥር ምንጭ አለች። ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ የሚጠጣው ከእሷ ነው፤ ቧንቧ ደግሞ ከጠፋ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

የክበቡ ኃላፊ መምህርት ሶረቲ የሩፈይዳን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛ ጠበቀቻት። የተሰረዘው የመጨረሻው ገጽ ነው። ያ ገጽ ደግሞ የሩፈይዳ የራሷ ነበር። ከመጠቅለያው ክምር ያዳነችው አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ አላት። ሽፋኑን አባቷ ሦስት ጊዜ አድሶታል። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በየዓመቱ የተማሩበት ልጆች ስም አለ፤ ዐሥራ አንድ ስም፣ ዐሥራ አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ። ታብሌቶቹ ግን አብዛኞቹ የኖሩት ዐሥራ አራት ወር ነው። ወረቀትም ዛፍ ይበላል፣ ውሃ ይበላል፣ በመርከብና በካሚዮን ነው የሚመጣው፤ ይህንንም ጽፋለች። ታብሌት ወረቀትን የሚያስንቀው ብዙ ዓመት ከኖረና ብዙ መጽሐፍ ከተነበበበት ነው፤ የእኛዎቹ ግን በዐሥራ አራት ወር ሞቱ ብላ ጨርሳለች።

«ጥናቱ ጥሩ ነው፣ ሩፊ» አለች መምህርቷ። «ለቅዳሜ ግን አይሆንም።»

«ውሸት ነው እንዴ፣ ቲቸር?»

«ማን ውሸት ነው አለ?» መምህርት ሶረቲ ዐይኖቿን አሸች። በጣም ደክሟታል። «ስሚኝ። ሁለተኛ ዙር አርባ ታብሌት ሊሰጡ ነው የሚመጡት። ይሄን ካነበብሽ ታብሌቱ አይመጣም። በእሱ ፋንታ መጽሐፍ ይመጣል ብለሽ እንዳታስቢ፤ መጽሐፉም አይመጣም። ባዶ እጃችንን ነው የምንቀረው። እኔ የጻፍኩትን አንብቢና ውረጂ። ካልሆነ ፋሂም ያነበዋል።»

መምህርቷ የጻፈችው ካርቶን ላይ ተለጥፏል። «አንድ ታብሌት ሺህ መጽሐፍ ይይዛል፤ ሺህ መጽሐፍ ደግሞ ጫካ ነው» ብሎ ይጀምራል።

«ቲቸር፣ ባትሪው አፈር ውስጥ ቢገባስ?»

«የት አፈር?»

«ማለቴ... እንዲሁ በአጠቃላይ።»

«በአጠቃላይማ መርዝ ነው። ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ይወጣል፣ ዝናብ ይወስደዋል፣ ከውሃ ጋር ይገናኛል። በስንት ጊዜ ብትዪኝ፣ ምን ያህል ሰው ይጎዳል ብትዪኝ አላውቅም። እዚህ የሚለካልሽም ሰው የለም።»

ከተቀበሩ ወዲህ ደግሞ አንድ ሙሉ ክረምት ዘንቧል። የጅማ ክረምት።

ሐሙስ ከሰዓት አባቷ ከሱቅ ቀደም ብሎ ገባና ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለሶላት ውዱእ ያደርግ ጀመር። ውሃውን ጠዋት ከምንጯ የቀዳችው ሩፈይዳ ናት።

«አባ፣ አቶ ነጋሳ ታብሌቶቹን ለአንተ ሰጠሁ አሉኝ።»

ክንዱን እያጠበ ፈገግ አለ። የአባቷ ፈገግታ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

«ነገረሽ? እኔ ለማንም አላወራሁም። እነሱ ናቸው እኮ ለምነውኝ! አንዱ ዲግሪ አለው፣ አንዱ ማስተርስ አለው። ያን ሁሉ ተምረው አንድ ዕቃ በክብር እንዴት እንደሚሸኝ አያውቁም። ሰባተኛ ክፍል ያቆመውን ቲጃኒን ጠሩ። ነጋሳ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ከአንተ በቀር የሚያውቅበት የለም።› በገዛ አፉ!»

«የት ቀበርካቸው?»

«የት ይሆናል፣ ከኪታቦቹ ጋር ነዋ። ከቡናው ሥር።» የተረፈውን ውሃ በጣሳ ቀድቶ ጠጣና ጢሙን በእጁ ጠረገ። «እያንዳንዷን ለብቻ ነው የጠቀለልኳት። እንደ ሕፃን።»

ሩፈይዳ አፏን ከፈተች። የውሃው ጠብታ ጢሙ ላይ ያበራል።

«ምነው?»

«ምንም፣ አባ።»

አርብ እናቷ አራስ እህቷን ልትጠይቅ አጋሮ ሄዳለች፤ አባቷ ለጁምዓ መስጊድ ነው። ሩፈይዳ ዶማ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

መጀመሪያ የቆፈረችው የድሮውን ቦታ ነው። ምንም አላገኘችም። ጥቁርና ለስላሳ አፈር ብቻ፤ የቡናው ሥር እንደ ፀጉር ተሰራጭቶበታል። ከዚያ ሁሉ ገጽ አንድ ፊደል እንኳ የለም። ወረቀቱ አፈር ሆኗል፣ አፈሩ ቡና ሆኗል። ትንሽ ዝቅ ብላ ስትቆፍር ዶማው ጠንካራ ነገር ነካ።

ጨርቁ በስብሷል። ታብሌቶቹ ግን እንደተገዙ ናቸው። አንዱን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርገው የራሷን ፊት አሳያት። ከጀርባው የተለጠፈችው አረንጓዴ ወረቀት እንኳ አልደበዘዘችም፤ «ይህ ታብሌት ዛፍ ያድናል» ትላለች። ስድስቱ ሆዳቸው ተነፍቷል። ሁለቱ ተሰንጥቀው ውስጣቸው ያለው ጥቁር ነገር አፈሩን አቅልሞታል። ጣቷን አስነክታ አሸተተች፤ የዛገ ብረት ይሸታል።

አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ሃያ ሦስት። ቀና ስትል ምንጯ ከታች ትታያለች፤ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። አንዲት ልጅ ተንበርክካ ሃይላንድ ትሞላለች፤ ሞልታ ከመክደኗ በፊት አፏን ገጥማ ጠጣች።

ሩፈይዳ ሁሉንም ከጆንያ ከተተችና ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ሥራው ግማሹ ያለቀ መስሏት ነበር።

የፋሂም ወንድም ጊንጆ አስፋልት ዳር ሞባይል ይጠግናል። ፋሂም ከክፍሏ ልጆች አንዱ ነው፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል።

«አቦ ሩፊ! ሬሳ ተሸክመሽ ነው እንዴ የምትዞሪው?»

ጆንያውን ከፈተችለት። ፉጨት አሰማ።

ወንድምየው ከውስጥ ወጥቶ አንድ ሁለቱን አገላበጠ። «ከአራቱ ስክሪን ይወጣል። ሌላውን ተዪው፤ እኛ እናጠፋዋለን።»

«እንዴት ነው የምታጠፉት?»

ፋሂም በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተ። ከሱቁ ጀርባ የጎርፍ ቦይ አለ። ዳሩ ላይ መሬቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ቀልጦ የደረቀ ላስቲክ ተጋግሮበታል። የቦዩ ውሃ ላይ የዘይት ቀለም ይንሳፈፋል።

«ላስቲኩ ሲቃጠል መዳቡ ይቀራል» አለ ፋሂም።

«ጢሱስ?»

«ጢሱማ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እንዲህ ያለ ነገር የሚቀበል ቦታ የለም? ማዘጋጃ ቤት፣ ምናምን?»

«ፋራ ነሽ እንዴ? ማዘጋጃ ቤት ቢወስደው ራሱ ይዞት የሚመጣው ለእኛ ነው።» ሳቀና ወዲያው ድምፁን ለወጠ። «ስሚማ፤ ቅዳሜ ላታነቢ ትችያለሽ የሚባለው እውነት ነው? ቲቸር ተዘጋጅ ብላኛለች። ካነበብሽ ግን እኔ አልቀየምሽም፤ ወላሂ።»

ሩፈይዳ ከቦርሳዋ ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ንግግር አወጣች። ጥቂት ያዘችው። ለዚህች ቀን ስትል በመስታወት ፊት ሁለት ሳምንት ተለማምዳለች። ከዚያ ሰጠችው።

«ካርቶኑን አትጠፈው» አለችና ጆንያዋን አነሣች።

የአባቷ ሱቅ መርካቶ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ሱቆች መሐል የተጨመቀች ጠባብ ክፍል ናት፤ ኮላ ኮላ ትሸታለች። ቲጃኒ ከጁምዓ ተመልሶ አንድ ወፍራም መዝገብ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በወስፌ ይበሳል።

«ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

ሩፈይዳ ጆንያውን ከፈተችው። አባቷ አየና ከመቀመጫው ተነሣ። መዝገቡ ከጉልበቱ ወደቀ።

«አውዙቢላህ! ማን ነው ያወጣቸው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ተቀብሯል እኮ! ቁርአን አለበት! ሠላሳ ጁዝ ሙሉ!»

«አለበት፣ አባ። ባትሪም አለበት።»

ከዚያ ነገረችው። መምህርት ሶረቲ ያለችውን፣ ሁለቱ ተሰንጥቀው ያየችውን፣ የጠቆረውን አፈር፣ ሃምሳ እርምጃዋን። እየነገረችው ፊቱን ማየት ስላልቻለች ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ክሮች ታይ ነበር። ስትጨርስ ውጭ አንድ ባለጋሪ፣ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ አለፈ። አባቷ እንደቆመ ነው።

«ወረቀቶቹስ?» አለ በመጨረሻ።

«የሉም፣ አባ። አፈር ሆነዋል። ፈልጌ አጣሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እነዚህስ?»

«እነዚህ እንዳሉ ናቸው።»

«ያልሞተ ነገር ነው የቀበርኩት በይኛ።» ተቀመጠ። «ውሃው... እስካሁን የጠጣነውስ?»

«አላውቅም። ምናልባት ምንም አይደለም። ምናልባት...»

ቲጃኒ ጆንያውን በሁለት እጁ አነሣ። መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ያረጁ ገጾች የሚቀበሩበትን ቀን እየጠበቁ የሚቀመጡበት ቦታ አለ። በርጩማ ላይ ወጥቶ ጆንያውን እዚያ አስቀመጠው። እነዚህ ግን የሚጠብቁት ቀን የለም። ሁለቱም ያውቁታል።

ከዚያ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ መሥራት ጀመሩ። ካርቶን ቆረጠ፣ ሁለቱን አጣበቀ፣ ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ጨርቅ ለበጠው፣ ጠርዙን ዙሪያውን ሰፋው። ሩፈይዳ በወፍራም ቀለም ጻፈችበት፤ «በዚህ ውሃ ላይ የባትሪ መርዝ ሳይፈስ አልቀረም። አትጠጡ።» ከሥሩም በኦሮምኛ ደገመችው። ቆንጆ ሥራ ነበር። ብዙ ዓመት የሚቆይ።

«ለሰዉ ንገሪ» አለ ሲሰጣት፤ ዐይኗን አላያትም። «ውሃውን እንዳይጠጡ ንገሪ። እኔን ግን አታንሺኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳውን ከምንጯ ራስ ላይ ከድንጋይ ጋር አስደገፈችና አጠገቡ ቁጭ አለች። ከዳገቱ ወዲያ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታቸው ነኢማ ናት፤ የሰፈር ልጆች ሁሉ አዳዳ ነኢማ ነው የሚሏት፣ እንደ አክስት። ቢጫ ጀሪካን በአንድ እጇ፣ የልጅ ልጇን በሌላው ይዛለች። ከኋላዋ ሦስት ሴቶች ይከተላሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ይላል ይሄ?»

«ውሃው አይጠጣም ይላል፣ አዳዳ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ!» ሴቶቹ ሳቁ። «ጤና ጣቢያ ነው ብዬ ደንግጬ! ማኅተም እንኳ የለውም እኮ።»

ሩፈይዳ ተነሥታ አስረዳቻቸው። ታብሌት፣ ባትሪ፣ ክረምት፣ አፈር። ሴቶቹ መሳቃቸውን አቆሙ። አንዷ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች።

«ማን ነው እዚህ የቀበረው?» አለች ነኢማ። «ትምህርት ቤቱ ነው አይደል? ንብረቱ የእነሱ ነው! ንገሪንና አሁኑኑ ሄደን እንግዶቹ ፊት እንጮሃለን። በይ ተናገሪ!»

ሩፈይዳ የዳይሬክተሩን መጋረጃ አስታወሰች። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግማሹ ደግሞ እውነት ነው። አዎ ብትል እነዚህ ሴቶች አቶ ወልደሰማያትን ከነክራቫታቸው በር ላይ ያቆሟቸዋል፤ አባቷም ሳይነሣ ይቀራል፤ እሷም በልቧ ደስ ይላታል። ግን አቶ ነጋሳ አፍ አላቸው። ከሰዓት በፊት «ቲጃኒ ነው» ይሉና ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ይመጣል፤ ያኔ ውሃውን የሚያስታውሰው የለም።

«እኛ ነን» አለች። «አባቴ ነው። ቁርአን አለበት ተብሎ፣ ከኪታቦቹ ጋር ቀበረው። ባትሪውን አላወቀም።»

ሴቶቹ ተያዩ። ሩፈይዳ የሚመጣውን ስድብ ጠበቀች፤ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች።

«ቲጃኒ ነው?» አለች ነኢማ። «ከኪታቡ ጋር?»

«አዎ።»

ነኢማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ፊቷ ሁሉ ተፈታ። «ሱብሃነላህ! ታዲያ ምን አስደነገጥሽን? እኔ እኮ ሌላ ሰው መሰለኝ! ቲጃኒ የቀበረበት ውሃማ በረካ ነው። የእናቴን ቁርአን የቀበረልኝ እሱ አይደል? ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፣ ወላሂ፣ ሲቀብር ያለቅሳል።»

«አዳዳ፣ ኪታቡ አይደለም እኮ የሚጎዳው፤ ባትሪው...»

«የአላህን ቃል የያዘ ባትሪ ምን ያደርጋል? ተዪ አንቺ ልጅ። ትምህርት አበዛሽ።»

ጎንበስ አለች። መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ሰሌዳውን ከድንጋዩ ላይ አነሣችና ከጀሪካኗ ሥር አነጠፈችው፤ እንዳይቆሽሽባት። ከዚያ በእፍኟ ቀድታ ጠጣች። የልጅ ልጇንም ፊት አጠበችው። ሕፃኑ ከንፈሩን ላሰ። አንደኛዋ ሴት፣ «እኔስ ለባሌ ወገብ ትንሽ በጠርሙስ ልያዝለት» አለች። ከበፊቱ ይልቅ አብዝተው ቀዱ።

ከዳገቱ ወዲያ የፋሂም ድምፅ መጣ፤ ማጉያው እየቆራረጠው። «አንድ ታብሌት... ሺህ መጽሐፍ... ሺህ መጽሐፍ ደግሞ...» ከዚያ ጭብጨባ። ረጅም ጭብጨባ ነበር። አርባዎቹ ይመጣሉ። ምናልባት ዐሥራ አራት ወር ይኖሩ ይሆናል።

ሴቶቹ ሲሄዱ ሩፈይዳ ሰሌዳውን ከጭቃው አነሣች። የአባቷ ስፌት አልተበጠሰም። ጽሑፉ ግን አይነበብም። በሻርፗ ጠርጋ መልሳ አቆመችው፤ ሌሎች ሁለት ልጆች ባዶ ጀሪካን እያንከባለሉ ከላይ ሲወርዱ አየች። ለእነሱም ትነግራቸዋለች፤ እነሱም ማን ነው ይላሉ፤ እሷም አባቴ ትላለች፤ እነሱም ይጠጣሉ። የእሷ ቃል እዚህ ሰፈር ውስጥ ምንም አይመዝንም። የመምህርት ሶረቲም ቢሆን አይመዝንም። በጊንጆ ሰው ፊት ቆሞ፣ «ያልኳችሁ ስህተት ነው፣ የቀበርኩት መርዝ ነው፣ አትጠጡ» ቢል የሚሰማው ሰው አንድ ብቻ ነው። ያን ያለ ዕለት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ማን ኪታቡን ይዞለት ይመጣል?

ልጆቹን፣ «እስክመለስ አትቅዱ» አለቻቸው። እንደማይሰሟት ታውቃለች። ዳገቱን ወጣች።

አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ ቆመላት። «መርካቶ?» አለ ሹፌሩ። ራሷን ነቀነቀች፣ አይ ብላ። በእግር ረጅም ነው፤ ርዝመቱን ፈልጋዋለች። መንገዱን ሙሉ ምን ብላ እንደምትጀምርለት ስታስብ ሄደች፤ የጀመረችውን ሁሉ እያፈረሰች። ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ መሐል ስትገባም ምንም አላገኘችም።

አባቷ አቀርቅሮ የትናንቱን መዝገብ ይሰፋል። ከበላዩ፣ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ጆንያው እንዳለ ነው።

«አባ» አለች ከደጃፉ ላይ። «ሱቁን ዝጋው።»